ስለ ሐሙስ ፈረቃችንና ስለ በረንዳው ፏፏቴ

ይድረስ ለክቡር ኢንጂነር ኤቬራርዶ ሳላስ
የከተማችን ውሃ አገልግሎት ኃላፊ
ካሉበት

ክቡርነትዎ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የሳን ሲሞን ዳገት ነዋሪዎች ከጥማችን በስተቀር በጣም ደህና ነን። መሥሪያ ቤትዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ መስኮቱ ጋ ስደርስ ግን ድምፄ ጠፋብኝ፤ ከኋላዬ የተሰለፉት ሲያጉረመርሙም ቦታዬን ለቅቄ ተመለስኩ። ስለዚህ ምስጋናዬን በጽሑፍ ለማቅረብ ተገደድኩ።

አንደኛ፣ ስለ ፏፏቴው አመሰግናለሁ። ከሰፈራችን በታች ያለው፣ ታኮ የሚበላበትና ማርጋሪታ በበረዶ የሚጠጣበት ምግብ ቤት በሰፊው በረንዳው መሃል ያሠራው ፏፏቴ ከጣሪያችን ላይ ሆኖ ላየው በጣም ያምራል። ሙዚቃው፣ የእንግዶቹ ሳቅ፣ በየብርጭቆው የሚንኳኳው በረዶ ሳይቀር እኛ ዘንድ ይደርሳል። ከዚያ ቤት ወደ እኛ የማይደርሰው ውሃው ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ የውሃ ፈረቃችን ሰኞና ሐሙስ እንደነበረ ያስታውሱ ይሆናል። ባለፈው ሐሙስ ቧንቧው ጭራሽ አልተነፈሰም። የሰፈሩን መስመር የሚከፍቱትን ዶን ቻኖን ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እኔ አልዘጋሁትም፤ እንዳልከፍት ተነገረኝ እንጂ! ታች ነገ የምግብ ቤቱ በዓል ነው፤ ያ ሁሉ በረዶ ከምን የሚሠራ መሰለሽ?» አሉኝ። ሠራተኛዎ እውነት የሚናገሩ ሰው ናቸውና እንዳይቀጧቸው በትህትና እለምናለሁ።

ሦስተኛው ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ። ለዚያ ቤት ቶርቲያውን፣ ያን ስስ የበቆሎ ቂጣ፣ የምትጋግረው እናቴ ኦዲልያ ነበረች፤ የምንኖረውም በዚሁ ነው። በቆሎው ልጣጩ እንዲለቅ ማታ ከኖራ ጋር ተቀቅሎ ያድራል፤ ጠዋት በብዙ ውሃ ደጋግሞ ካልታጠበ ይመራል። እናቴ ረቡዕ ማታ ትልቁን ድስት የጣደችው የእርስዎን ፈረቃ አምና ነው። ይህ የራሷ ስህተት ስለሆነ ክቡርነትዎን አልወቅስም። ሐሙስ ቤት ውስጥ በተገኘችው ውሃ አንዴ ብቻ አለቀለቀችውና «ልድፋው ወይስ ልጋግረው?» አለችኝ። ለበዓሉ ቃል ገብታ ነበርና ጋገረችው።

በበዓሉ ዕለት እናቴና እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመን ሳለን፣ ከፏፏቴው አጠገብ ካለው ገበታ፣ በራዲዮ «ውሃ ለሁሉም» ሲል የማውቀው ድምፅ «ይሄ ደግሞ ምንድነው? ኖራ ኖራ ይላል! ግድግዳ ልትቀቡብን ነው እንዴ?» አለ። በረንዳው በሙሉ ሳቀ። ጨዋታ አዋቂ መሆንዎን ያን ዕለት አወቅሁ። ሳቁ ሳይበርድ የቤቱ ባለቤት ዶኛ ፊዴንስያ መጥተው «ኦዲልያ፣ ከነገ ጀምሮ አትድከሚ፤ ከፋብሪካ ይመጣልናል» አሏት። እናቴ «እሺ ዶኛ» ብላ የቅርጫቷን ጨርቅ አጣጠፈች። ስለ ውሃው ትንፍሽ አላለችም። እኔም አላልኩም።

አራተኛ የለኝም፤ ከዚህ በኋላ የሚወሰድብን ነገር ስላልቀረ ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዶኛ ፊዴንስያ ዘንድ ወርደው፣ ቶርቲያው ለምን እንደመረረ በዚያው በራዲዮው ድምፅዎ ይንገሩልን። እኔ መናገር አቅቶኛል፤ እርስዎ ግን በሰው ፊት መናገር እንደማይከብድዎ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ብርጭቆዎ ሳይጎድል፣ በረዶዎ ሳይሟሟ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣

የቀድሞ የሐሙስ ደንበኛዎ
ዩሪዲያ ካብሬራ

ግልባጭ፦
ለዶን ቻኖ፣ መክፈቻቸው እንዳይዝግ

ተጨማሪ፦ በቆሎው የታለቀለቀበት ውሃ ለመጠጥ ያስቀመጥናት የመጨረሻዋ ጀሪካን ነበረች። እስከ ሰኞ ድረስ ከጎረቤት እየለመንን ጠጣን። በበዓሉ ዕለት በጣትዎ ጫፍ ገፍተው የመለሱት ቶርቲያ በዚያ ውሃ የተሠራ መሆኑን ቢያውቁ ብዬ ነው።