አልወርድም ያልኩበት ክሬን

ይድረስ እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ እታለም፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣቱን ቻለው? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ያቺ ነገረኛ ጎረቤትሽ ሳትቀር ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ዋሽቼሽ ስለማላውቅ እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁም። ነገሩ ለእህት የሚጻፍ አልነበረም፤ ግን ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ?

ክሬን ላይ እንደምሠራ ታውቂያለሽ። ከላይ ከመቀመጫዬ መሬት ለመድረስ መሰላሉ ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ እኔ ስወርድ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ ጠዋት ወጥቼ የምወርደው ማታ ነበር። ውሃ አልጠጣም፣ ሽንቴንም እይዛለሁ። «አሞራው» የሚል ስም ሲያወጡልኝ ደረቴን ነፋሁ። ሽንቴ እየቀጠነ፣ እየተንጠባጠበ ሲመጣም ዕድሜ ነው ብዬ ተውኩት። ከሦስት ወር በፊት ጭራሽ ዘጋኝና ከግንባታው ሳይት በአምቡላንስ ወሰዱኝ።

ሐኪሟ የልጅሽ እኩያ ናት፤ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ነው የሰማኋት። ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢ አብጦ የሽንት መተላለፊያውን አንቆታል አለችኝ። ዛሬ ግን ሆድ መቅደድ የግድ አይደለም፤ በቀጭን ቱቦ ገብተው በእንፋሎት ያኮማትሩታል፣ ወይም በትንንሽ ማያያዣ ግራና ቀኝ ስበው መንገዱን ይከፍቱታል፣ ወይም ወደ ዕጢው የሚሄደውን ደም በደም ሥር ገብተው ይዘጉታል። ብዙው ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። እታለም፣ ላቅፋት ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ሽንቴን ለምን ያህል ጊዜ እይዝ እንደነበር ጠየቀችኝ። እኔ ሞኙ ኮራ ብዬ «አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ» አልኳት። መጻፏን አቆመች።

የሽንት ፊኛዬ እንዲያርፍ ቱቦ አስገብታልኝ ከስድስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱን በመሣሪያ ለካችው። ስክሪኑ ላይ የግፊቱ መስመር ከፍ ሳይል ተጋደመ። «መንገዱን ብንከፍትልዎት እንኳ የሚገፋው የለም፤ ፊኛዎ ዝሏል። ከሁለት ዓመት በፊት ቢመጡ ኖሮ» አለችና ተወችው። ከእንግዲህ ኑሮዬ ከቱቦ ጋር ነው። እንዲህ ሆኜ ክሬን ላይ አያስወጡኝም፤ በር ላይ አስቀምጠው ገቢና ወጪውን ሰው ያስመዘግቡኛል።

ተስፋ ቆርጫለሁ። በእኔ ቦታ የገባው ሰው በቀን ሦስቴ ይወርዳል። ውሃውን ጠጥቶ፣ ሽንት ቤት ገብቶ፣ እጁን እያደረቀ ይመለሳል። ሥራው ትንሽ ይቆማል፤ ከዚያ ይቀጥላል። አንድም ሰው ሲያጉረመርምበት አልሰማሁም።

ትልቁን ልጅሽን ሰላም በይልኝ፤ ትንሿን ሳሚልኝ፤ ጎረቤትሽንም አትርሻት። ባለቤትሽን ለብቻው ሰላም በይልኝ። ባለፈው ስደውል ሽንት ሌሊት አራት አምስቴ እንደሚያስነሳው እየሳቀ ነግሮኝ፣ እኔም አብሬው ስቄ ነበር። ይህን ደብዳቤ አንብቢለት፤ የሚያሳፍረውን ቦታ አትዝለይ።

ወንድምሽ
ከሳይቱ በር፣ ኅዳር 14 ቀን