ከቶርኖው አልወርድ ያለው ዓርማ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 27

አልወርድ አለ። ከጠዋት ሦስት ሰዓት እስከ ምሳ ታገልነው፤ ንቅንቅ የለም። ጣቶቼ አብጠዋል፤ እርሳሱን የያዝኩት እንደ ማንኪያ ነው።

ነገሩ ይሄ ነው። ለአብዮት በዓል መድረክ የሚሰቀል ትልቅ ክብ ዓርማ ከዋንዛ እንድንሠራ የእንጨት ሥራ ማህበራችን ታዟል። ወርዱ አንድ ሜትር ነው። እንጨት እያሽከረከረ በሚቀርጸው ማሽናችን፣ በቶርኖው፣ ውስጥ በኩል አልገባ ስላለ አንጋፋው አናጢያችን አባ ዲኮ በውጭ በኩል ባለው ጫፍ ላይ አሰሩት። እኔ ያን ቀን ወባ ጥሎኝ ቤት ነበርኩ። ሲሻለኝ መጥቼ ጠርዙን በማሽኑ አስተካከልኩ። ከዚያ እሳቸው እዚያው እንደታሰረ ማጭዱን፣ መዶሻውንና ኮከቡን ቀረጹበት። እጃቸው ይባረክ። ትናንት ጨርሰው ሰርቦ ከተማ ለቅሶ ሄዱ።

እንጨቱ የታሰረው ሳህን በምንላት ክብ ብረት ላይ ነው። ሳህኗ ደግሞ እንደ ጠርሙስ ክዳን በማሽኑ ዘንግ ላይ ተጠምዝዛ ትገባለች። እንጨቱን የያዙት ቪቴዎች ከሳህኗ ጀርባ ስለሆኑ ካቻቪቴ አይደርስባቸውም። ሳህኗ ካልተፈታች ዓርማው አይወርድም።

በዓሉ አስር ቀን ቀርቶታል።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 28

ዛሬ የተሞከረ፦
ላምባ ማፍሰስ።
ዘንጉን በቁልፍ አስይዞ ዓርማውን ለሦስት ወደ ግራ መጠምዘዝ።
ለአራት።
ለአራት፣ እየተሰዳደቡ።

በመጨረሻ መዶሻ አንስቼ ሳህኗን ልኮረኩማት ስል ጓድ ታምራት በር ላይ ደረሰ። የማህበራችን ሊቀመንበር ነው። ድሮ እንጨት ይፈልጥ ነበር፤ አሁን ቃለ ጉባኤ ይጽፋል።

"ጓድ ማቴዎስ! በዓርማው ላይ መዶሻ ታነሳለህ?"

"ዓርማው ላይም እኮ መዶሻ አለ" አለ አንድ ሰው ከመሃል። ማን እንደሆነ አልታወቀም። (እኔ ነኝ።)

ከዛሬ ጀምሮ መዶሻ ከዓርማው አምስት እርምጃ እንዲርቅ ተወሰነ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 29

ሄርማታ ሰፈር ካለው የቡና መጋዘን ገመቹ የሚባል ኩሊ አስመጣን። ጆንያ ቡና በአንድ እጁ ያነሳል። ዓርማውን አቀፈው፣ "ያ ረቢ!" አለና ወደ ግራ ጠመዘዘው። ቤቱ በሙሉ ሲጥ አለ። ከዚያ ዝም። ገመቹ ላቡን ጠርጎ ማሽኑን በአክብሮት አየው። "ኩን ነማ ሚቲ፣ ይሄ ሰው አይደለም" ብሎን ሄደ።

ከሰዓት ስብሰባ። ጓድ ታምራት ብድግ ብሎ፣ "አንድ ማሽን ለበዓል ስንደርስ ብቻ የሚበላሸው ለምንድነው? ይሄ አሻጥር አይሸትም?" አለ። አሻጥር የሚለውን ቃል ሲጽፈው አየሁት። ከስሩ አሰመረበት። ከዚያ እኔን አየኝ። ጴንጤ መሆኔን ሁሉም ያውቃል፤ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ቆየ። ከከምባታ የመጣሁት ቶርኖ ላበላሽ ነው እንዴ?

እራት አልበላሁም።

አርብ፣ ነሐሴ 30

ጓድ ታምራት አዲስ ሐሳብ አመጣ፤ ዓርማው ካልወረደ ቶርኖው ራሱ ወደ መድረክ ይውጣ። ከነዓርማው። በቀይ ጨርቅ ይሸፈናል፣ ሠርቶ አደሩንም ይወክላል። የመድረኩን ኮሚቴ ሊያማክር ሄዶ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። መድረኩ ማሽኑን አይችልም፤ እንኳን ማሽኑን፣ አምና የተናጋሪዎቹን ክብደትም ለጥቂት ነው የቻለው።

ባለቤቴ አስቴር፣ "ለምን አባ ዲኮን አትጠይቃቸውም?" አለችኝ።

"ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ስለ ብሎን ይጠየቃል?"

"ማቴ፣ የምታፍረው ስለ ለቅሶው አይደለም።"

እውነቷን ነው። የቶርኖ ሰርተፊኬት ያለኝ እኔ ነኝ። በመስታወት አድርጌ ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ። አባ ዲኮ ፊደል እንኳን አልቆጠሩም። "እርስዎ ያሰሩትን መፍታት አቃተኝ" እንዴት ይባላል?

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 1

በቡና መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ሰርቦ ሄድኩ። ዝናቡ አልማረኝም። አባ ዲኮ ከሐዘንተኞቹ መሃል ተነስተው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ገመቹ ጋ ስደርስ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር።

"ወደ የት ጠመዘዛችሁት?"

"ወደ ግራ ነዋ። ሁሉም ብሎን ወደ ግራ ነው የሚፈታው።"

"የውስጡ አዎ። የውጩ ጥርስ ግን የተገላቢጦሽ ነው ልጄ። ወደ ግራ ይጠብቃል፣ ወደ ቀኝ ይፈታል። ሚርጋ! ወደ ቀኝ!"

ሦስት ቀን ስናጠብቀው ከርመናል። ገመቹን ያህል ሰው ጠርተን አስጠብቀናል።

"ሰርተፊኬትህ ላይ የለም?" አሉኝ። በክፋት አይደለም። ግን አሉኝ። ከዚያ ሳህኗን በፈላ ውሃ በተነከረ ጨርቅ እንድጠቀልላት፣ ስትሞቅ ዘንጉን እንደምትለቅ ነገሩኝ። ሰኞ እመጣለሁ አሉ፣ ኢንሻ አላህ።

እሑድ፣ ጳጉሜ 2

ጠዋት በቾ ቦሬ ሰፈር፣ በአንድ ወንድም ቤት፣ በራችንን ዘግተን በሹክሹክታ ጸለይን። ስለ ሳህኗ ጸለይኩ። ነውር ይሆን?

አዲስ ጭንቀት። ዘዴውን ለጓድ ታምራት እንዴት ነው የምነግረው? ባለፈው ወር አንዱ ባልደረባችን "የቀኝ ዝንባሌ አለብህ" ተብሎ ሦስት ስብሰባ ግለሂስ ሲያደርግ ከርሟል። እኔ ደግሞ፣ አሻጥር የተጻፈብኝ ጴንጤ፣ የአብዮቱ ዓርማ ከተጣበቀበት የሚላቀቀው ወደ ቀኝ ሲዞር ብቻ ነው ልል ነው።

አስቴር፣ "ቀኝ አትበል፤ ወደ መስኮቱ በል" አለችኝ። ይህቺን ሴት ማግባቴ!

ሰኞ፣ ጳጉሜ 3

ወረደ!!

በቅደም ተከተል ልጻፈው። አባ ዲኮ በጠዋት ደረሱ፣ ዱካ ላይ ተቀመጡና ሥራውን ለእኔ ተዉልኝ። ውሃ አፈላሁ፣ ጨርቁን ነክሬ ሳህኗን ጠቀለልኩ። ሦስቴ ቀየርኩት። ከዚያ ሰዎቹን ጠርዙ ላይ አሰለፍኩ። ጓድ ታምራትም ኮቱን አውልቆ መጣ፤ ዓርማው ቢወድቅ ልያዘው ብሎ ፊት ለፊቱ ቆመ።

"ሁላችሁም ወደ መስኮቱ በኩል!" አልኩ።

"እሱ እኮ ወደ ቀ..." ብሎ ጀመረ አንዱ። እግሩን ረገጥኩት።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ምንም። እንደገና። ምንም። በሦስተኛው ጥይት የተተኮሰ የሚመስል ድምፅ ወጣ፣ ሳህኗም ተላቀቀች። እኛ በደስታ ስንጮህ ማዞሩን አላቆምንም ነበር፤ ዓርማው ከዘንጉ ወጥቶ በሙሉ ክብደቱ ጓድ ታምራት እቅፍ ውስጥ ገባ። ሊቀመንበራችን ወደ ኋላ ተንገዳግዶ ፍቅፋቂው ክምር ላይ በጀርባው ወደቀ። ከላይ ኮከብ፣ ከታች ጫማ ብቻ ይታያል።

ዓርማው ተሰነጠቀ? ሰውየው ተሰበረ?

ከዓርማው ስር፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልሆነም!" አለ።

ስብሰባ ላይ እግዜር የለም ብሎ ሁለት ሰዓት ያስተማረን እሱ ነው። አባ ዲኮ ቀስ ብለው "አልሐምዱሊላህ" አሉ። እኔም ሳላስበው "አሜን" አልኩ። ጮክ ብዬ።

አነሳነው፤ ፍቅፋቂውን ከፀጉሩ ላይ አራገፍንለት። ዓርማው ጭረት እንኳን የለውም። ጓድ ታምራት ማንንም ሳያይ መዝገቡን አውጥቶ "አሻጥር" የሚለውን ሰረዘ፣ በላዩ "ዝገት" ብሎ ጻፈ። ሳህኗ ላይ ዝገት የሚባል ነገር የለም። ማንም አልተከራከረም።

ወደ ቤት ስወጣ ጓድ ታምራት በሩ ላይ ጠብቆ አስቆመኝ። ግራ ቀኙን አየና፣ "እናንተ እሑድ የምትሰበሰቡት... በስንት ሰዓት ነው?" አለኝ።

"የምን ስብሰባ?" አልኩት።

ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ሊያስይዘን ነው ወይስ ሊመጣ? አስቴር ትንሽ ካሰበች በኋላ፣ ለሚቀጥለው እሑድ አንድ ወንበር ጨምሩ አለች።