ማሽን የሌለበት ጸጥታ

ሶዶ፣ ጥር 1961

ውድ ሳህሊቱ፣

ሆስፒታል ሳለሁ “እርስዎ” ነበር የምልሽ። አንቺም “አቶ ደገፉ” ትይኝ ነበር። በወረቀት ላይ ግን አንቺ ማለት ይቀለኛል። ቅር ካለሽ እዚህ ላይ አቁሚው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንቺ ነው።

ምናልባት መልኬ ጠፍቶብሽ ይሆናል። በክረምቱ ከሶዶ የመጣሁት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ጨለም ባለችው ክፍል ወንበሩ ላይ አስቀምጠሽ ሽቦዎቹን በዚያ በሚቀዘቅዝ ቅባት ራሴ ላይ ትለጥፊልኝ ነበር። ከዚያ ከመስታወቱ ወዲያ ሄደሽ ማሽኑ አጠገብ ትቀመጫለሽ። ብዕሮቹ የአንጎሌን ሞገድ በሚሮጠው ወረቀት ላይ ሲጭሩ ይሰማኛል። ሞገዱ ሲረጋ፣ ዝግ ያለና እኩል ሲሆን፣ በእርሳስሽ መስታወቱን ቀስ አድርገሽ ትመቻለሽ። ያን ድምፅ ስሰማ የነበርኩበትን ቦታ እንዳውቀው፣ በኋላም ብቻዬን እንድመለስበት። ሕክምናው ይኸው ነበር።

ምን እንዳመጣኝ አልጠየቅሽኝም። መዝገቤ ላይ አንብበሽው ይሆናል። መዝገብ ላይ ያልተጻፈውን ልንገርሽ። ግንቦት ላይ ተማሪዎች ፊት ካርታ ስሰቅል ልቤ ይደልቅ ጀመር፤ ቃላቱ ጠፉብኝ፤ ወደቅሁ። ስነቃ የክብሪት ጭስ ሸተተኝ። አንድ ሰው ክብሪት ጭሮ፣ ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ፣ አፍንጫዬ ስር ይዞታል። ማንም አልነካኝም። የሚጥለው ሰው ወድቆ ሳለ የነካው ይጋባበታል ይባላል። አረፋ አልደፈቅሁም፤ ግን ቆሞ ያየ የለም።

ከዚያ ወዲህ በመምህራን ማረፊያ ክፍል አንድ ብርጭቆ ለብቻው ተቀመጠ። የእኔ ነው ብሎ የነገረኝ የለም። ሌሎቹ ግን ጠዋት ጠዋት ሻይ ሲቀዱ እጃቸው አልፎት ይሄዳል።

ዶክተሩ “የሚጥል በሽታ አይደለም፣ ፍርሃት ነው” ሲል ያን ቃል እንደ ስጦታ ይዤ ነው ወደ ሶዶ የተሳፈርኩት። ለሁሉም ነገርኳቸው። እግዚአብሔር ይመስገን አሉኝ። ብርጭቆው እዚያው ነው።

የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር አቶ ተክለጻድቅ ክፉ ሰው አይደለም። አባቱ ከሰሜን ለሹመት መጥተው እዚህ ቀሩ፤ እሱ ሶዶ ተወልዶ ሶዶ አደገ። መስከረም ላይ ጠርቶኝ እንዲህ አለ፦ “ደገፉ፣ ሰው አንድ ጊዜ ይወድቃል። ተማሪ ፊት ሁለተኛ ከወደቅህ ግን እኔ ምን ላድርግ?”

ምንም እንደማያደርግልኝ ገባኝ። ካስተማሪነት ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

እዚያ ወንበር ላይ የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዴት እንደነበሩ ታስታውሻለሽ? መስታወቱን እንድትመቺልኝ ብዬ ጥርሴን ነክሼ ለመረጋጋት እታገል ነበር። ብዕሮቹ ያብዳሉ። አንድ ቀን በሩን ከፍተሽ ብቅ አልሽና “እንደ ዶሮ ነው እኮ አቶ ደገፉ” አልሽኝ። “ሲያባርሩት አይያዝም። ዝም ብለው ይቀመጡ፣ ራሱ እግርዎ ስር ይመጣል።”

ሳቅሁ። ወዲያው ተመልሰሽ ሄደሽ መታሽ። ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

ያኔ ያልነገርኩሽ አለ። በኋላ በኋላ ስትመቺ ደስ የሚለኝ ስለ ሞገዱ አልነበረም። በዓለም ላይ አንድ ሰው፣ ከመስታወት ጀርባ፣ ውስጤ ደኅና የሆነበትን ሰዓት ያውቅ ስለነበር ነው። እናቴ አታውቀውም ነበር። እኔም ራሴ አላውቀውም ነበር።

ሶዶ ስመለስ ማሽን የለም። ከቤቴ ጓሮ እንሰቱ መሃል በርጩማ አኖርኩ። ዳሞታ ተራራ ጉሙን ሳያወልቅ ወጥቼ እቀመጣለሁ፤ ዓይኔን እጨፍናለሁ። የእንሰቱ ቅጠል እርስ በርሱ ይፋተጋል። ከታች ወፍጮው ይነሳል። ትንፋሼን እከተላለሁ።

ከዚያስ?

ረጋሁ? ወይስ ደከመኝ? ይህ እሱ ነው ወይስ እንቅልፍ? የሚመታልኝ የለም። ጆሮዬ መስታወቱን ይፈልጋል፤ ሲፈልግ የመጣው ይሄዳል። ወፍ ግንድ ስትቆረቁር ብንን ብዬ ዓይኔን የገለጥኩበት ጠዋት አለ። አንቺ መስለሽኝ።

አጥር የሚያዋስነኝ አቶ ጩማ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። እኛ ዘንድ ሲጸለይ ሁሉም ባንድነት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። ብቻውን ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ያለ ሰው ድምፁ የጠፋበት፣ ሸክሙ የከበደበት ሰው ነው። አቶ ጩማ በአጥሩ አየኝ፤ አዘነልኝ። አንድ ጠዋት ገብቶ አጠገቤ ቆመና ስለ እኔ ይጸልይ ጀመር። የጎረቤት ውሻ እስኪጮህ ድረስ። በማግስቱ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። ቀደም ብዬ ብወጣ እነሱም ቀደም ብለው ይመጣሉ። ራቅ ብለው ይቆሙና፣ ማንም ሳይነካኝ፣ ከሦስት በኩል ይጮሁልኛል።

በመጨረሻ እየፈራሁ ነገርኩት። እየጸለይኩ አይደለም፣ ምንም ሳላስብ ነው የምቀመጠው፣ ውስጤን ባዶ አደርገዋለሁ አልኩት።

“ባዶ?” አለ አቶ ጩማ። ጸሎቱን ሲጮህ ያልፈራሁትን ሰው በዚያ በዝግታው ፈራሁት። “ወንድም ደገፉ፣ ወንጌሉን አላነበብህም? ተጠርጎ ባዶ የተተወ ቤት ምን ይሆናል? የወጣው ርኩስ መንፈስ ሰባት ሌሎች ይዞ ይመለሳል።”

“ታዲያ ምን ላድርግ?”

“አንተ ምንም አታድርግ። እኛ እንሞላዋለን።”

ሞሉት። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ መዝሙርም ተጨመረ።

በታኅሣሥ መጨረሻ ሰባተኛ ክፍል ስለ ሐይቆች እያስተማርኩ ነበር። አባያን በጠመኔ ስዬ ወደ ጫሞ ልሻገር ስል መጣ። ያው ድለቃ። ያው የቃላት መጥፋት። የሐይቁ ስም ከአፌ ወጣ፤ ቀጥሎ ያለው የለም። እጄ ሰሌዳው ላይ ቀረ። ከኋላዬ የፊተኛው አግዳሚ ወደ ኋላ ሲሳብ ሰማሁ። ልጆቹ አውቀውኛል። አምናም እንዲህ ነበር የጀመረው።

ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ዞርኩ። ከመውደቅ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ፈለግሁሽ ሳህሊቱ። አልዋሽም። ጆሮዬ ሁሉ አንቺ ነበር። እርሳሱ የለም፣ መስታወቱ የለም። ከዚያ፣ ከብርታት አይደለም፣ መጠበቁ ራሱ ሰለቸኝ መሰለኝ፣ መጠበቄን ተውኩት። አትመታም፤ አትምታ አልኩ። ትንፋሽ ገባ። ወጣ። ገባ።

ረጋ።

ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁት። የገዛ ቤቴን ደጃፍ በጨለማ እንደማውቀው አወቅሁት።

ዓይኔን ስገልጥ ክፍሉ በሙሉ ቆሟል። ራሳቸውን ደፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ዴስኩ ላይ አድርገው። አስተማሪው ዓይኑን ከጨፈነ ሌላ ምን ያደርጋል? እነሱ ቤት እንዲህ ሆኖ የቆመ ሰው ይጸልያል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም። አባይነሽ የምትባለው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ልጅ ብቻ፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጅ አይደለችምና፣ አንድ ዓይኗን ከፍታ ሌሎቹ የሚያደርጉትን ታያለች። ያፌዘ አንድም የለም።

ተቀመጡ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ከግንቦት ወዲህ እንዲህ ቀርቦኝ የቆመ ሰው አልነበረም።

ከኋላ ወንበር ዱባለ የሚባለው ጎረምሳ፣ መቆሙ ሰልችቶት ይሁን ጸሎቱ ያለቀ መስሎት፣ በዚያ በጎረነነ ድምፁ “አሜን” አለ። ክፍሉ ተከተለው። መስኮቶቹ ነዘሩ። አቶ ተክለጻድቅ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ደርሷል። አቶ ጩማ በራፌ ላይ ጠበቀኝ። ሁለት እጆቼን በሁለት እጆቹ ያዘ። ሳህሊቱ፣ ይህን እንድታስቢልኝ እፈልጋለሁ፤ እጆቼን ያዘ። ትከሻዬን ሳመ። “በሥራ ቦታህ መሰከርክ” አለኝ። ሚስቱ ከቤታቸው ወተት ይዛ መጣች፤ እሱ ተጎነጨና የቀረውን በዚያው ዋንጫ ለእኔ ሰጠኝ።

ጠጣሁ። ስህተቱን አላረምኩትም።

በማግስቱ አቶ ተክለጻድቅ ቢሮ ጠራኝ።

“ይህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው ደገፉ። የእናንተ ጸሎት ቤት ከገበያው ወዲያ ነው።” ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ስማኝ። ወላጆች ከስሰዋል፤ አንድ ነገር መጻፌ አይቀርም። ጸሎት ነው ካልከኝ ዝውውር ነው። ሕመም ነው ካልከኝ ግን ሌላ ነገር ነው። መጋቢት ላይ አዲስ አበባ ቀጠሮ አለህ አይደል? ፈቃድ እጽፍልሃለሁ። ሄደህ እንደ ልብህ ታከም። እስኪሻልህ ቦታህን ሌላ ሰው ይሸፍናል። ሕመም በል።”



ያን ጊዜ ያየሁት ምን እንደሆነ ልንገርሽ? አቶ ተክለጻድቅን አላየሁም። ያችን ጨለም ያለች ክፍል አየሁ። “እስኪሻልህ” ያለው ቃል ርዝመቱ ታየኝ። ሞገዴን ያዝ አድርጌ፣ አንዳንዴ እያበላሸሁ፣ ዓመት ሙሉ ወደ አንቺ ልመላለስ እችላለሁ። አንዲት ቃል ናት የምትፈለገው። በሌላው በኩል ደግሞ የአቶ ጩማ ዋንጫ አለ። እሱም የሚፈልገው አንዲት ቃል ነው።

“አልጸለይኩም” አልኩ።

“እሺ። ሕመም ነበር።”

“ሕመሙ መጥቶ ነበር። ዓይኔን ስጨፍን ሄደ። ሲያዩኝ ደኅና ነበርኩ።”

“ደኅና ሰው በክፍለ ጊዜው ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል እንዴ?”

“እኔ ቆሜያለሁ ጌታዬ። ደኅና ነበርኩ።”

ብዕሩን አነሳ። እልኸኛ ነህ አለኝ። ልርዳህ ብል እምቢ አልክ አለኝ። ከዚያ ጻፈ።

አቶ ጩማ ከሌላ ሰው እንዳይሰማው ብዬ የዚያኑ ዕለት ሄጄ ነገርኩት። እግዚአብሔርን በዳይሬክተሩ ፊት የካድኩ መሰለው። አልካድኩም፣ ያላደረግሁትን አላደረግሁም ነው ያልኩት ብለውም አልተቀበለኝም። “ዓይንህን ጨፍነህ ወደ እሱ ካልሄድክ፣” አለኝ፣ “ታዲያ የት ነበርክ?” አልተቆጣም። የት እንደነበርኩ በእውነት ማወቅ ፈልጎ ነው የጠየቀኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጓሮዬ የሚመጣ ሰው የለም። የለመንኩት ጸጥታ ይኸው ደረሰኝ፤ ቅጠሉ ብቻ ነው የሚሰማው፤ አንዳንድ ጠዋት መዝሙራቸው ይናፍቀኛል።

ወደ ቢጠና ተዛውሬያለሁ። እስከ በዴሳ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በበቅሎ ነው። ሕፃናት ፊደል የማስቆጥርበት ቦታ ነው። ፍርሃቱ እዚያም ሊመጣ ይችላል። አሁን ግን ሲመጣ የምሄድበትን አውቃለሁ።

መጋቢት ላይ ስሜን ስትጠሪ የሚነሳ ሰው አይኖርም። ሞተ ወይም ባሰበት ብለሽ እንዳታዝኚ ነው ይህን የጻፍኩልሽ። የማልመጣው ስለዳንኩ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

የመጨረሻው ቀን ቅባቱን ከፀጉሬ እየጠረግሽልኝ የነገርሽኝን አልረሳሁም። ዶክተሩ በሌለበት ሽቦውን ራስሽ ላይ ለጥፈሽ ሞክረሽዋል፤ ብዕሮቹ ለአንድ አፍታ እንኳ አልረጉልሽም። እንደ ቀልድ አድርገሽ ነበር ያወራሽው። እኔም እንደ ቀልድ ሰማሁሽ፤ ምን እንደሚያስፈራሽ ሳልጠይቅሽ ጎዳና ላይ ወጣሁ።

የእኔ ሰዓት ባዶ ይሆናል። ሌላ ሰው ካላስገቡበት አንቺ ተቀመጪበት። ማሽኑን አጥፊው።

አክባሪሽ፣
ደገፉ ቶማ