ጋሼን ልጠይቅ

ጥር 6

የራሴን ወርክሾፕ ከከፈትኩ ዛሬ ስድስተኛ ቀን። እንደ ትናንቱ ነው። ከፈትኩ፣ ጠረግኩ፣ የስፖንጅ ፍርፋሪ ለቀምኩ። አክስቴ መጣች፣ መነጽሯን ሰካች፣ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። የስፌት መኪናዋ ላይ ማለቴ ነው። እሷ ትሰፋለች፣ እኔ አለብሳለሁ። ሶፋ፣ ወንበር፣ በርጩማ… የተቀደደ ሁሉ ይምጣ።

ረፋዱ ላይ አንዲት ዘናጭ ሴትዮ መጡ። ባለ ሦስት ሰው ሶፋ ያሠራሉ። ዋጋ ነገርኳቸው። «ቀንሺ» አሉ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ጋሼን ልጠይቅ።»

የቱን ጋሼ?! ጋሼን ጥዬ የወጣሁት ባለፈው ወር አይደለም እንዴ! አሥራ አንድ ዓመት እሳቸው ወርክሾፕ ስሠራ ዋጋ የሚቀንሱት እሳቸው፣ የሚቆጡት እሳቸው፣ የእኔ ድርሻ «ጋሼን ልጠይቅ» ማለት ብቻ። አፌ ለምዶት ቀደመኝ። ሴትዮዋ ደግሞ «እሺ፣ ጠይቂልኝ» ብለው ቁጭ። ምን አማራጭ አለኝ? ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ። እዚያ ያለው ስፖንጅ ብቻ ነው። ትንሽ ቆምኩ። አንዴ አሳልኩ። ወጣሁና «አይሆንም አሉ» አልኩ።

እሺ አሉ እኮ! አንድ ቃል ሳይከራከሩ!

አክስቴ በሳቅ ፍርስ ብላ መርፌ ሰበረች። «እስቲ ያንን ሰውዬ እኔም የምጠይቀው ጉዳይ አለኝ» ትላለች።

የእውነተኛው ጋሼ ንግግር ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ስሰናበታቸው ያሉኝ። «እጅሽ ወርቅ ነው። ጭንቅላትሽ ግን የተቀጣሪ ነው። ራስ ሳይጠና ጉተና! በሦስት ወር ተመልሰሽ ትመጫለሽ።» ሦስት ወር ማለት መጋቢት መጨረሻ ነው። ይጠብቁኛ! ጉተናዬን ያዩታል።

ጥር 9

ጋሼ ዛሬ ሦስት ጊዜ ሠሩልኝ። ዋጋ አልቀንስም አሉ፣ ዱቤ ከለከሉ፣ አንዱን ጨቅጫቃ አባረሩ። እሳቸው ከመጋረጃው ጀርባ፣ እኔ ከፊት። ምን አለበት?

ጥር 20

ጋሼን ደም ግፊት አስያዝኳቸው። አንድ ሾፌር «ራሳቸውን ካላናገርኩ» ብሎ ድርቅ ሲልብኝ «ሐኪም ቤት ናቸው፣ ግፊታቸው ተነሥቶ» አልኩ። ሰውዬው አዝኖ ጨው እንዲቀንሱ መከረ። «በርቱ በያቸው» ብሎኝ ሄደ።

ጎረቤታችን አናጢው ደግሞ ሌላ ጣጣ። «ጋሼሽ በየት በኩል ነው የሚገቡት? አንድ ቀን እንኳ አይቻቸው አላውቅም።» «በጓሮ» አልኩት። ጓሮ የለንም።

አክስቴ፣ «ይሄ ሰውዬ ከሁላችንም ይሻላል። አይበላ፣ አይጠጣ፣ ደሞዝ አይል።»

ሳቅኩ። ግን የሆነ ነገር ከነከነኝ። ደፋር ነኝ ባይ ነኝ እኮ። ከወንድሜ እጣላለሁ፣ ከታክሲ ረዳት እጣላለሁ፣ ከጋሼ ከራሳቸው ተጣልቼ ነው የወጣሁት። ታዲያ ደንበኛ ፊት ስቆም ምላሴን ማን ያስረዋል? ወይስ ልማድ ሆኖብኝ ነው… የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

የካቲት 3

ዛሬ የሠራሁትን ለማንም አልናገርም። እዚህ ብቻ።

ጡረተኛው መምህር መጡ። በጥር የሠራሁላቸውን ባለ መደገፊያ ወንበር በጋሪ አስጭነው። ባለቤታቸው ታማሚ ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ነው የሚቀመጡት። ስፖንጁ ሰምጧል። በሁለት ሳምንት! በእጄ ጫን ባደርገው እንጨቱ ነካኝ። ለስላሳውን ስፖንጅ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ለመወጠር ይቀላል፣ ሲጨርሱት ያምራል… ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

እና ምን አልኩ? «ጋሼ ናቸው ይሄን አድርጊ ያሉኝ።»

መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንቺን ቢሰሙሽ ጥሩ ነበር። አንቺ ብትሆኚ እንዲህ አታደርጊም ነበር። እጅሽን አይቼዋለሁ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ! «ሲመጡ እነግራቸዋለሁ» አልኩ። ወንበሩን ትተውልኝ እንዳይሄዱ ባለቤታቸው ሌላ መቀመጫ የላቸውም። እንደ ሰመጠ አስጭነው መለሱት። ጋሪው እስኪታጠፍ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ።

እስከ ዛሬ ጋሼ የሚከለክሉልኝ የዋጋ ቅናሽ ነበር። ዛሬ ጥፋቴን አሸከምኳቸው። አክስቴ አልሳቀችም።

የካቲት 12

ትልቅ ሥራ! ክሊኒክ ነው፣ የመጠበቂያ ክፍሉ ወንበሮች፣ አርባ! የግዢ ኃላፊዋ ራሳቸው መጥተው ስፌቱን አዩ፣ ወደዱት። «ውል የምፈርመው ግን ከባለቤቱ ጋር ነው። ባለቤቱ አሉ?»

በል እንግዲህ፣ አፌ! እዚያው «እኔ ነኝ» ማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? «ትንሽ አሟቸዋል… የካቲት 16 ይምጡ» አልኩ።

ለወንድሜ ስነግረው ሣቀና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ምን ያስጨንቅሻል፣ እኔ ጋሼ እሆንልሻለሁ። ሱፍ አለኝ፣ ሽበት አለኝ። ለሴት ማን ይፈርማል?» የመኪና ደላላ ነው፣ ምላሱ ቅቤ ነው። ታላቄም ነው። ለአንድ ቀን ብቻ ነው አለ። እሺ አልኩ።

አክስቴ ጉዳዩን ሰምታ፣ «እስካሁን ሰውዬው አካል አልነበረውም» አለች።

የካቲት 16

ተረጋግቼ ልጻፈው… አልቻልኩም። ይሁን።

ወንድሜ በሱፍ መጣ። ክራቫቱ የሠርጉ ነው። ገብቶ ወንበሬ ላይ ጉብ አለ፣ ሜትሬን አንሥቶ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው! የግዢ ኃላፊዋ ሲገቡ ብድግ ብሎ ጨበጣቸው። «ጤናዎትስ?» «ግፊቷ ትንሽ ታስቸግረኛለች፣ ምን ይደረግ…» አጥንቶ ነው የመጣው።

«አርባውን በስንት ቀን ያስረክቡናል?»

«በአሥር ቀን!»

መዶሻ ጨብጦ የማያውቅ ሰው! እኔ ዝም።

«ስፖንጁን ቀጭኑን ብናደርገውስ?»

«እንደ ፍላጎትዎ።»

አሁንም ዝም። የመምህሩ ወንበር ግን ዓይኔ ላይ መጣ።

«ውሉ በእርስዎ ስም ነው፣ አይደል?»

«በማን ሊሆን ኖሯል!» ብሎ ሣቀ። ወደኔ ዞረና፣ «እስቲ ለእንግዳችን ውሃ አምጪ።»

ተነሣሁ። እኔ! በገዛ ቤቴ! ጆጉን አንሥቼ መቅዳት ጀመርኩ… የአክስቴ መኪና ቀጥ አለ። ቀና ስል ከመነጽሯ በላይ ታየኛለች።

ጆጉን አስቀመጥኩት።

«ወንበሬን ልቀቅ።»

«ምን አልሽ?»

«ወንበሬን ልቀቅ። ሜትሬንም አምጣ።» ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ። «ጋሼ የሚባል ሰው የለም። ይሄ ወንድሜ ነው። የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ። አርባ ወንበር በአሥር ቀን አይደርስም፣ ሠላሳ ቀን ይፈጃል። በቀጭን ስፖንጅ ደግሞ አልሠራም። የሚቀመጥበት በሽተኛ ነው።»

ፊታቸው ተቀያየረ። «እስከ ዛሬ ስትዋሺኝ ነበር ማለት ነው?»

«አዎ።»

ወረቀታቸውን ሰብስበው ወጡ። ውሃውን እንኳ አልቀመሱትም።

ከዚያ ወንድሜ ቤቱን አናጋው። «እብድ! የመጣልሽን ሲሳይ በእግርሽ ገፋሽው! እኔ ላንቺ ብዬ!»

«ለኔ ብለህ ውሃ ቅጂ አልከኝ?»

ክራቫቱን እየፈታ ወጣ። ሁለተኛ እንዳልጠራው አስጠንቅቆ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል… የቀደድኩት እኔ ነኝ። ወንድሜን ጅብ ማለቴ አይደለም። ደግሞስ ብለውስ!

የካቲት 17

ከፈትኩ። ማንም አልመጣም። ዘጋሁ። ፈርቻለሁ፣ አዎ። ፈርቼም ነገ እከፍታለሁ።

የካቲት 24

እውነተኛው ጋሼ መጡ! በእግራቸው! ከዘራቸው የበሩ ደፍ ላይ ሲያንኳኳ ነው ያወቅኳቸው። ሳላስበው ብድግ ብያለሁ። አክስቴ ወንበር ሰጠቻቸው። አልተቀመጡም፣ እንደ ጥንቱ ጣታቸውን በስፌቱ ላይ አስኬዱት። እንከን ፈለጉ። አጡ!

«ክሊኒኩ እኔ ጋ መጥቷል» አሉ።

«እንኳን ደስ ያለዎት።»

«አርባ ወንበር ያላንቺ እጅ አይሆንልኝም። ነይ። ቦታሽ እንዳለ ነው። መዶሻሽን ማንም አልነካውም።»

መዶሻሽን ሲሉኝ ሆዴ ባባ። አሥራ አንድ ዓመት ቀላል ነው? ሥራውን የያዙት እሳቸው ናቸው፣ ያስለመዱኝም እሳቸው። ደንበኛ የሚመልሱት፣ ሲበላሽ የሚቆጡት፣ ሲመሽ «ሂጂ» የሚሉት እሳቸው። እኔ ደግሞ አንገቴን ደፍቼ ስወጥር… እንዴት ያለ ዕረፍት ነበር! አፌም ሊቀድመኝ ነበር። «አክስቴን ልጠይቅ» ልል! ዋጥኩት።

«አልመጣም፣ ጋሼ። ከፈለጉ ወንበሮቹን እዚህ ያምጡልኝ። በኔ ቀን፣ በኔ ስፖንጅ፣ በኔ ዋጋ እሠራልዎታለሁ።»

«እኔ? ያንቺ ደንበኛ?»

«ደንበኛ ክቡር ነው።»

ቀልድ መስሏቸው ጠበቁ። አልሳቅኩም።

«ልጄ፣ ይሄ ጥጋብ ነው።»

«ጥጋብማ በሆነ! ርቦኛል እኮ፣ ጋሼ።»

ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። በሩ ላይ ዘወር ብለው «ሦስት ወሩ ገና አላለቀም» አሉኝ። እብደት ይሁን ጉብዝና አላውቅም። ከወጡ በኋላ ግን አክስቴን አቅፌ አለቀስኩ። እያለቀስኩም አልመጣም አልኩ።

መጋቢት 5

መምህሩ ቤት ሄድኩ። ወር አለፈኝ እኮ! መዶሻዬን፣ መቀሴን፣ ጠንካራውን ስፖንጅ ተሸክሜ። ባለቤታቸው በሰመጠው ወንበር ላይ ብርድ ልብስ አጣጥፈው ከሥራቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ሳያቸው የተዘጋጀሁበት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ።

«ጋሼ የሚባል የለም። ስፖንጁን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ልሥራው።»

መምህሩ፣ «መሳሳቱንስ ማንም ይሳሳታል። በሌለ ሰው ማላከኩ ግን…» አልጨረሱትም። ባይጨርሱት ነው የባሰው።

ባለቤታቸው ግን ሳቅ አፈናቸው። «ወይ ጉዴ! እኔ እኮ ወር ሙሉ እኚያን ሰውዬ ስረግም ነው የከረምኩት! ወገባቸውን ይቁረጠው እያልኩ!»

«ደርሶኛል፣ እማዬ። ወገቤን ሰሞኑን አልቻልኩትም።»

እዚያው ሳሎናቸው ውስጥ አፈረስኩት። ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ባለቤታቸው ከአልጋቸው ሆነው ምስማር በነቀልኩ ቁጥር «እሰይ» ይላሉ። ስጨርስ ደግፈን አስቀመጥናቸው። ወዲያ ወዲህ ብለው ፈተሹት። ይሄን ያህል እኮ ነው አንድ ወንበር… ጥቂት ቆይተው እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ። መምህሩ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እንዳላንኳኳ ምልክት ሰጡኝ። ዕቃዬን በእጄ በእጄ ሰብስቤ ወጣሁ።

መጋቢት 19

መጋረጃውን አወረድኩት። አክስቴ የበርጩማ ልብስ አደረገችው። አናጢው አልፎ ሲሄድ አይቶ፣ «ጋሼስ አሁን የት ሊቀመጡ ነው?» በርጩማውን አሳየሁት።

ወንድሜ እንዳኮረፈ ነው። ያኩርፍ።

ሚያዝያ 1

የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ፣ ዘናጯ ሴትዮ፣ ሌላ ሶፋ ይዘው መጡ። ዋጋ ነገርኳቸው። ያለፈውን አልረሱም።

«እስቲ ጋሼን ጠይቂልኝ።»

«ጋሼ የሉም።»

ደረታቸውን ያዙ። «ሞቱ እንዴ?!»

አክስቴ ከመኪናዋ ቀና ሳትል፣ «ነፍስ ይማር» አለች።

«ውይ! መቼ?»

«የካቲት 16።»

ይህቺን አክስት! «አይስሟት» አልኩ። «ጋሼ ኖረውም አያውቁ። ያን ዕለት አይሆንም ያልኩዎት እኔ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እንዲያ ከሆነማ ነገሩ በአንቺው እጅ ነው። ቀንሺ!»

መጋረጃ የለም። መግቢያ የለም። ማሳል የለም።

«አልቀንስም። የማደርግበት ስፖንጅ አይሰምጥም። ከሰመጠ እኔን ይጠይቁኛል፣ ማንንም አይደለም።»

ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወጡ። አልጠራኋቸውም። መቀሴን አንሥቼ ስፖንጅ መቁረጥ ጀመርኩ። አክስቴ መኪናዋን አቆመች። ከዚያ የጫማቸው ድምፅ ሲመለስ ሰማሁ።

«ከሰውዬው አንቺ ብሰሽ ተገኘሽ!»

«አዎ። ብሻለሁ።»

«በስንት ቀን?»

«በአሥራ አምስት።»

ሶፋውን አስገቡ።

ሦስት ወር ትናንት ሞላ። አክስቴ ቀድማኝ ወጣች። መብራት አጠፋሁ፣ ቁልፉን ያዝኩ፣ እና… አይ ልማድ! እንደ ድሮው ወደ ውስጥ ዞሬ «ጋሼ፣ ልሂድ?» አልኩ። ባዶ ቤት። በርጩማው ብቻ።

«ሂጂ» አልኩኝ።

ቆልፌ ሄድኩ።