የዘንዶውን ፊልም ለእማዬ ስጽፍላት

ይድረስ ለእታለሜ ለእፀገነት፣ ኩዌት።

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ወገቤን አሞኛል ያልሽው ተሻለሽ ወይ? የቤቱ ሰዎች፣ የምታሳድጊያቸው ልጆችስ ደህና ናቸው? ሙቀቱስ በረድ ብሎልሽ ይሆን? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም አለን። ክረምቱ እንደ ጉድ ሲዘንብ ከርሞ ወጣ። ገብሱ አሽቷል፤ አሁን የምንፈራው አመዳይ እንዳይመታው ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የሸዋሮቢቷ ናኢማ ናት። ፈቃዷን ጨርሳ ወደዚያው ልትመለስ ስለሆነ ወንድማችን ወንድምአገኝ ዘንድ በጎረቤት ስልክ ደውላ «መልእክት ካላችሁ ቶሎ በሉ» አለችው። የኛን ኔትወርክ ታውቂዋለሽ፤ ሁለቴ «ሄሎ» ተባብለን ይቆረጣል። የምነግርሽ ነገር ደግሞ ረጅም ነው።

በመጀመሪያ አንድ የደበቅንሽ ነገር አለ፤ አትደንግጪ፣ አልፏል። እማዬ ሐምሌ ላይ ደጃፍ አዳልጧት ወድቃ እግሯ ተሰብሮ ነበር። ደብረ ብርሃን ወስደናት በጀሶ ታሰረላት፤ ሁለት ወር ከአልጋ አልወረደችም። አሁን በምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። እዚያ ሆነሽ ምንም ላታደርጊ እንቅልፍ እንዳታጪ ብለን ነው፤ ብትቀየሚንም እውነትሽን ነው።

እማዬ ተኝታ የምትውል ሰው እንዳልሆነች ታውቂያለሽ። ሳምንት ሳይሞላት ከሰው ጋር ማውራት ተወች፤ እህልም ቀነሰች። ያን ጊዜ ወንድምአገኝ ባለፈው ዓመት በላክሽለት ስልክ ውስጥ አንድ ፊልም እንዳለ ትዝ አለው። ከልጆቹ ጋር ሆነሽ ያየሽው ይመስለኛል፤ ክንፍ ያለው ዘንዶ፣ አንዲት ልጅና ጠንቋይ ንግሥት ያሉበት። ቋንቋው የየት አገር እንደሆነ እንኳ አላወቅንም። ስልኩን አስደግፈን ከፈትንላት። ዘንዶው ብቅ ሲል አማተበች። ትንሽ ቆይታ እኛ ስናወራ «ዝም በሉ እስቲ!» አለችን። በዚያ ሳምንት አራት ጊዜ አየችው።

ንግግሩ ስለማይገባን ስማቸውንም ራሷ አወጣችላቸው። ልጅቷ ዘነበች ሆነች፤ ዘንዶው በመልኩ አመዶ ተባለ። ታሪኩን በኛ አረዳድ ልንገርሽ፤ ተሳስተን ከሆነ ታርሚናለሽ። ጠንቋይዋ የአገሩን እሳት ሁሉ በድግምት ሰረቀች። ምድጃው ሁሉ ጠፍቶ ሰው በብርድ ሊያልቅ ሆነ። ዘነበች አንድ የቆሰለ ዘንዶ ዋሻ ውስጥ አግኝታ ደብቃ አስታመመችው። ሲድን በጀርባው ተሸክሞ ከደመናው በላይ ወዳለው የዘንዶዎች አገር ወሰዳት። እነሱም እሳቱን እንሰጣለን፣ የጠየቀን ሰው ግን እዚሁ ይቀራል አሉ። ቀረች። አመዶ እሳቱን ይዞ ወረደ፤ የዘነበች እናት ምድጃዋን አቀጣጠለች። ልጅቷ ከሩቅ ገደል አፋፍ ላይ ቆማ ታየችና እያነሰች፣ እያነሰች ሄዳ ፊልሙ አለቀ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወንድምአገኝ ወንዝ ሲሻገር ስልኩ ከኪሱ ወደቀ፤ ፊልሙም አብሮት ሄደ። እማዬ ቀኑን ሙሉ አኩርፋ ዋለችና ጠራችኝ። «አንቺ የአማርኛ አስተማሪ አይደለሽ? ጻፊውና አንብቢልኝ» አለች። እኔም ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ።

እታለሜ፣ ፊልምን ልቦለድ ማድረግ እንዲህ ያለ ጣጣ መሆኑን ማን ነገረኝ! በፊልሙ ላይ ለረጅም ጊዜ የሚዋጉበት ቦታ እኔ ጋ ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላ አለ። ዘነበችና አመዶ መጀመሪያ ዋሻው ውስጥ ሲተያዩ ግን ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል ነበር፤ እሱ አራት ገጽ ፈጀብኝ። እሷ ምን አሰበች? እሱስ ሰውን ከዚያ በፊት አይቶ ያውቃል? ፊልሙ ይህን ሁሉ በዘፈን አለፈው። ፍርሃቱን የሚነግረን ሙዚቃው ነበር፤ በወረቀት ላይ ሙዚቃ ከየት ይምጣ? ግራ ገብቶኝ እማዬን ስጠይቃት «ስትፈሪ ጆሮሽ ነው የሚሰፋው፤ የራስሽ ትንፋሽ የሌላ ሰው ይመስልሻል» አለችኝ። እንዳለችው ጻፍኩት፤ ከጻፍኩት ሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። አገሩንም እንዴት ልሳለው ብላት «ሣሩን አላየሽውም? ጓሳ ነው እንጂ» አለች። ስለዚህ አመዶ አሁን የሚበረው በኛው ተራራ በጓሳ ላይ ነው።

ወንድምአገኝ መጀመሪያ ሳቀብኝ። በኋላ ግን እርሻ ውሎ ሲመጣ አጠገባችን ተቀምጦ መጠየቅ አመጣ። «ለመሆኑ ይሄ ዘንዶ በቀን ስንት በግ ይበላል?» አለኝ። ፊልሙ ላይ ሲበላ አልታየም። «እንግዲያ አላምነውም» አለ። አንድ ቀን ሙሉ ሳስብ ዋልኩና ድንጋይ እየላሰ በጨው እንዲኖር አደረግሁት። «እሱስ ይሁን» ብሎ ተቀበለኝ።

ወሬው ወጥቶ ጎረቤት እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እየመጣ ያዳምጥ ጀመር። ይህን የሰሙት የነፍስ አባታችን አባ ኪዳነ ወልድ አንድ ቀን ሳይጠሩ መጡ። «ዘንዶና ድግምት ታነቢያለሽ አሉኝ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የወጋውን አውሬ አንቺ ታስታምሚያለሽ?» አሉኝ። እኔ ስንተባተብ እማዬ ከተኛችበት ሆና «አባ፣ ልቦለድ እኮ ነው» አለች። እሳቸውም «ልብ ከወለደው፣ ምን እንደወለደ ልስማ» ብለው ተቀመጡ።

ጠንቋይዋ እሳት የምትሰርቅበትን ምዕራፍ አነበብኩ። የድግምቱ ቃል ምን እንደሆነ ስለማላውቅ ግእዝ የሚመስል ነገር ፈጥሬ ነበር። እዚያ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ። «ግእዝ ለጸሎት ነው፤ ለጠንቋይ አትስጪብኝ!» አሉ። ታዲያ ምን ትበል አልኳቸው። ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ፣ አሰቡና «ክፉ ሰው ነገርን ይገለብጣል፤ ቃሉን ገልብጪው» አሉኝ። አሁን ጠንቋይዋ እሳትን «ትሳእ»፣ ጭጋግን «ግጋጭ» እያለች ነው የምትጠራው። ከዚያ ወዲህ አባ አንድም እሑድ አልቀሩም። ዘንዶውን እስካሁን አላመኑትም፤ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ግን ከሁሉም ይልቅ የሚቸኩሉት እሳቸው ናቸው።

ችግሩ የመጣው መጨረሻው ላይ ስደርስ ነው። እማዬ ፊልሙን ባየች ቁጥር ልጅቷ ገደሉ ላይ ቆማ ስትቀር ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር። ስለዚህ ለወጥኩት። ዘነበች በአመዶ ጀርባ ተመልሳ እናቷ ደጃፍ ስትወርድ፣ እናቷ ሮጣ ስታቅፋት አድርጌ ጻፍኩት። ባለፈው እሑድ ሳነበው ሰዉ እልል አለ። አባም «ተመስገን» አሉ። እማዬ ብቻ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሰዉ ሲሄድ ጠራችኝና «ይሄን ከየት አመጣሽው?» አለችኝ።

ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው አልኳት።

«አራት ጊዜ አይቼዋለሁ። አልተመለሰችም። እሳቱ የመጣው እሷ እዚያ ስለቀረች ነው፤ ልጅቷ ያደረገችውን አታሳንሽባት» አለችኝ። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይልቅ እዚያ እንዴት እንደምትውል ጻፊልኝ። ስትነሣ መጀመሪያ ምን ታያለች? የሚያናግራት አለ? ሲከፋት ወዴት ዞር ትላለች? ፊልሙ ይሄን ሳይነግረኝ አለቀ» አለች።

ያን ገጽ ቀደድኩት። በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ተመልሼ እንዳዘዘችኝ ልጽፍ ተቀመጥኩ። አንድ መስመር አልወጣልኝም። ብዕሩን እንደያዝኩ የማላውቀው የማንን ውሎ እንደሆነ ገባኝ። አንቺ ከሄድሽ ስድስት ዓመት ሆነሽ። በደወልሽ ቁጥር ደህና ነሽ እንልሻለን፣ ደህና ነኝ ትያለሽ፤ ስለ ዕቃው፣ ስለ በዓሉ አውርተን ይቆረጣል። የምትተኚበት ክፍል መስኮት ይኑረው አይኑረው እንኳ አላውቅም። ስለ ዘንዶው ዋሻ አራት ገጽ ስጽፍ ይህን አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። አፈርኩ፣ እታለሜ።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህን ነው። ናኢማ የሚመጣ ሰው አታጣምና በሰው እጅ ጻፊልኝ። ጠዋት ምን ድምፅ ነው የሚቀሰቅስሽ? ልጆቹ ምን ብለው ይጠሩሻል? አማርኛ የምታወሪው ከማን ጋር ነው? የሚያስቅሽ ነገር አለ? አባ «ከዚያስ?» ሲሉ «ገና ነው» እላቸዋለሁ። አንቺ ካልፈቀድሽ ከምትጽፊልኝ አንዲት ቃል መጽሐፉ ውስጥ አይገባም። እኔ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ወንድምአገኝ ስለ ስልኩ ይቅር በይኝ፣ ብሎ እጅ ነሥቷል። አባ ኪዳነ ወልድ በጸሎታቸው እያነሡሽ ነው፤ ፊልሙ ላይ ዘንዶው ኋላ ንስሐ ይገባ እንደሆነ ጠይቂልኝ ብለዋል። እኔ ታናሽሽ ዓይንሽን እስማለሁ። እማዬ ይህን ሁሉ ሳነብላት አዳመጠችና፣ ከኔ ጨምሪ አለችኝ፤ ከአፏ እንደወጣ እነሆ፦ «እግሬ ድኗል፣ አታስቢ። የማያስደስተውንም ጻፊው ልጄ፤ እችለዋለሁ።»

እህትሽ አመተሥላሴ
ዘመሮ፣ ጥቅምት ፳፩ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.