ያልተለማመዷት መዝጊያ፦ የተዋናይ ኤድዊን ሞክሰን የሕይወት ታሪክ

ተዋናይ ኤድዊን ሞክሰን ከአባታቸው ከአቶ ኸርበርት ሞክሰንና ከእናታቸው ከወይዘሮ አይቪ ብላንቻርድ እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1938 በግሪምስቢ ወደብ ተወለዱ። የወንድሜና የእኔ አባት በዓሣ ጨረታ ዋጋ የሚጠሩ ሰው ነበሩና ኤድዊን ያንን ድምፅ ከየት አመጡት ብሎ የጠየቀ ጎረቤት የለም።

በአሥራ አምስት ዓመታቸው ትምህርት አቋርጠው የወደቡ በረዶ ፋብሪካ ገቡ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ግን በየሳምንቱ አዲስ ቲያትር ከሚያሳይ ቡድን ጋር ተቀላቀሉ። መሪ ተዋናይ ሆነው አያውቁም። እናታችን "የኤድዊን መልክ በር ለመክፈት የተፈጠረ ነው" ይሉ ነበር፤ እውነትም አሳላፊ፣ ቄስና ፖሊስ ሆነው ኖሩ። በቴሌቪዥን አሥራ አንድ ጊዜ ተገድለዋል፤ ስድስቱን ገና ከመጀመሪያው ማስታወቂያ በፊት።

በ1964 የቲያትር ቤቱን ልብስ ሰፊ ወይዘሮ ሙሪኤል ክሌግን አግብተው ጂሊያንን ወለዱ። ሙሪኤል "እቤትም የሚገባው እንደ አሳላፊ ነው፤ ሻይ ግን አፍልቶ አያውቅም" እያሉ ሃምሳ አምስት ዓመት አብረዋቸው ሳቁ።

ቲያትረኞቻችን በየዓመቱ የሚያሳዩትን የገና ቲያትር የመጨረሻ መስመር በልምምድ ላይ አይናገሯትም። ተመልካች ሳይቀመጥ ከተነገረች ትዕይንቱ አይቀናም ይባላል። ይህን ደንብ እንደ ኤድዊን የሚያከብር አልነበረም። መዝጊያ የምትባለው ይህች መስመር የመሪ ተዋናዩ ድርሻ ናት፤ የወንድሜ የዕድሜ ልክ ምኞት ደግሞ እሷን አንዴ መናገር ነበር።

በ1998፣ በሠላሳ ስምንተኛው ገናቸው፣ አዘጋጁ ባሲል ሮው "ኤድ፣ ዘንድሮ መዝጊያዋ ያንተ ናት" አላቸው። ደስታው አቅላቸውን አሳታቸው መሰለኝ፣ በመጨረሻው ልምምድ ላይ ለባዶ ወንበር ጮክ ብለው ተናገሯት። ባሲል "ምነው ኤድ? አንተ?" ብቻ አላቸው። ኤድዊን መጥፎ ዕድሉን ለመሻር እንደ ደንቡ ወደ ውጭ ወጥተው፣ ዝናብ ላይ ሦስት ጊዜ ዞረው፣ አንኳኩተው ገቡ። ያም ሆኖ አዲስ መዝጊያ ተጻፈና ለሌላ ሰው ተሰጠ።

አንጀቴ ያረረው እኔ፣ ታናሽ እህታቸው ዶሪን ነኝ። እሳቸው "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዶሪን። ደግሞ እኮ ጥሩ አድርጌ ነው ያልኳት" ብለው እራታቸውን በሉ። ከዚያ በኋላም አሥራ ሦስት ገና ሠሩ፤ መዝጊያዋ ግን ተመልሳ አልመጣችላቸውም።

ዘንድሮ በሚያዝያ ሳንባቸው ሲታመም የታሸገ ፖስታ ሰጡኝ። "የኔ መዝጊያ እዚህ ውስጥ አለች። ሰው ሳይቀመጥ እንዳትከፍቺው" አሉኝ። የሰው ደብዳቤ በእንፋሎት የምከፍት ሴት መሆኔን እያወቁ ነው እንግዲህ። ስድስት ወር ከሻይ ማንቆርቆሪያው አጠገብ ተቀመጠ፤ አልነካሁትም። በሕይወቴ እንዲህ የከበደኝ ነገር የለም።

ተዋናይ ኤድዊን ጥቅምት 14 ቀን 2019፣ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ ጂሊያን እጃቸውን እንደያዘች በሰላም አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ ቀርተናል። ጠግበው የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ቢሆንም በጣም ይናፍቁናል።

በዚህ ወረቀት ግርጌ የምታዩት ባዶ ቦታ የአታሚው ስህተት አይደለም፤ ለመዝጊያዋ የተተወ ነው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በደግ ቦታ ያሳርፍ፤ ሙሪኤልንም ያጽናልን። እንግዲህ ለስንብቱ የመጣው ሰው ተቀምጧል፣ ፖስታውን ልክፈተው።

ኤድ፣ መዝጊያዋ ያንተ ናት።