ባሌ ያልተለጠፈበት ግድግዳ

ለክቡር ዶክተር ሉዶቪኮ ታንቺ
የካስቴልቫርኖ ማዘጋጃ ቤት የቱሪዝምና የከተማ ውበት ኃላፊ

ክቡርነትዎ፤

ይህ ደብዳቤ እጅዎ በሚገባበት ሰዓት እርስዎም መላው ቤተሰብዎም በፍጹም ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። ምኞቴን ለወግ ያህል የጻፍኩት እንዳይመስልዎ እለምናለሁ። እርስዎ ወንበሩን ከያዙ ወዲህ በከተማችን ማን በሕይወት እንዳለና ማን እንዳረፈ የሚታወቅበት መንገድ ስለጠፋ፣ የሰውን ደኅንነት ስንጠይቅ ከምራችን መጠየቅ ግድ ሆኖብናል።

ኖርማ ብራቺኒ እባላለሁ፤ ከሳን ሎሬንዞ አደባባይ ዝቅ ብሎ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ሱቅ የነበረው የጸጉር አስተካካዩ የኢጂዲዮ ሚስት ነኝ። ኢጂዲዮ በዚህ ወር መጀመሪያ ላይ አርፏል። አልሰሙ ይሆናል፤ በዚህ ግን አልቀየምዎትም፣ ማንም አልሰማምና።

አቤቱታዬን ከመጀመሬ በፊት «ሁለት ቀን በካስቴልቫርኖ» በሚል ርእስ ስላሳተሙት ባለቀለም መጽሔት ምስጋናዬን ማቅረብ ይገባኛል። በዚህች ከተማ ሰባ አንድ ዓመት ስኖር ሁለት ቀን ብቻ የሚያድር ሰው ምን ማየት እንዳለበት አስቤ አላውቅም ነበርና በጉጉት አነበብኩት። የመጀመሪያው ቀን በከተማችን ጥንታዊ ቅጥር ውስጥ፣ ሁለተኛው ቀን በገጠሩ የወይራና የወይን ማሳ እንዲያልፍ አድርገው ያቀዱት ጉዞ እጅግ ያምራል። በተለይ «ከዘመናት በፊት እንደነበረ ንጹሕ የሆነው የአደባባይ ግድግዳ» የሚለው ዐረፍተ ነገር አስደንቆኛል፤ ግድግዳው የጸዳው ከምን እንደሆነ አለመጻፍዎ ብቻ ቅር አሰኝቶኛል። ከእኛ ሙታን ነው የጸዳው፣ ክቡርነትዎ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትናና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በዚያ ግድግዳ ላይ ከአያቶቻችን ጀምሮ የሞተ ሰው ስም፣ ዕድሜና የቀብር ሰዓት ጥቁር ክፈፍ ባለው ወረቀት ይለጠፍ ነበር። ለእርስዎ ዓይን የሚያስጠላ ቁራጭ ወረቀት ይሆናል። ባሌ ግን ሱቁን ከመክፈቱ በፊት በየማለዳው መነጽሩን አድርጎ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ካነበበ በኋላ ወደ አልቫሮ ቡና ቤት ገብቶ፣ «ዛሬም ስሜ የለም! በሉ ቡናዬን አምጡ» እያለ ይጮህ ነበር። አልቫሮም ከባንኮኒው ጀርባ፣ «አትቸኩል አንተ ሽማግሌ፣ ጥሩ ቦታ ይዘውልሃል!» ይለዋል። ከዚያ ኢጂዲዮ ቀብር ካለ ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል። ደንበኛ ታባርራለህ ብዬ ስቆጣው፣ «ሠላሳ ዓመት ጭንቅላቱን በእጄ ይዤ ኖሬ ዛሬ ጀርባዬን ልስጠው?» ነበር መልሱ። የገዛ ራሱ ቀን ሲደርስ ግን ግድግዳው ባዶ ነበር። እውነትም ስሙ አልነበረም።

ሁለተኛ፤ ማስታወቂያውን ወደ ምን ዓይነት ክብር ያለበት ስፍራ እንዳዛወሩልን ልጠቅስ እወዳለሁ። ከቅጥሩ ውጭ፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ የእንግዶች አውቶቡሶች ከሚቆሙበት ሜዳ በስተኋላ፣ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ ጀርባ። መውረዱ በእኛ ዕድሜ ይቻላል፤ መመለሱ ነው ችግሩ። ይህንኑ ለማስረዳት ወደ መሥሪያ ቤትዎ ብመጣ በመስኮቱ ያሉት ወይዘሪት ቀና ሳይሉ፣ «ሲኞራ፣ መመሪያ ነው። ደግሞ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ከቤትዎ ሆነው ያዩታል» አሉኝ። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን የኢጂዲዮ ጓደኞች ከስልካቸው ላይ የሚያነቡት ነገር ቢኖር የልጃቸውን ስም ነው፤ እሱንም ልጁ ከደወለ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ቀብሩ። የግማሹን ከተማ ራስ የላጨ ሰው ሲሸኝ ከሬሳው ኋላ የነበርነው እኔ፣ እህቱ፣ ቄሱ ዶን ፕሪሞ፣ አልቫሮና ሁለት ጎረቤቶች ብቻ ነበርን። በዚህ ሐዘኔ ላይ የእርስዎ ዕቅድ ደረሰልኝ። የመካነ መቃብሩ መንገድና የእንግዶችዎ የሁለተኛ ቀን የገጠር መንገድ አንድ በመሆኑ፣ በደቡቡ በር ስንወጣ ጃንጥላ ከፍ አድርጋ የምትመራ አስጎብኚ አንድ መንጋ ሰው ይዛ ከኋላችን ተሰለፈች። «ዕድለኞች ናችሁ! ይህ የተዘጋጀ ትርኢት አይደለም፣ እውነተኛ የአካባቢው ባህል ነው። ቀስ ብላችሁ ተከተሉ» ስትላቸው በጆሮዬ ሰማሁ። እስከ መካነ መቃብሩ በር ድረስ ፎቶ እያነሱ ተከተሉን። ከሩቅ ያየን ሰው ምን ዓይነት ታላቅ ሰው ሞተ ሳይል አልቀረም። ለቀስተኛ ስላዋሱኝ ውለታዎን የምመልስበት ቀን እንዳያሳጣኝ እጸልያለሁ። ከመካከላቸው ግን አንዲት የጸሐይ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ባርኔጣዋን አውልቃ አለቀሰች፤ እኔም ሄጄ አቀፍኳት። ከየት አገር እንደመጣች አላውቅም። በእሷ ዕንባ ላይ አልቀልድም።

አራተኛውና እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። ግድግዳውን ስለነጠቁን ግድግዳው እኔ ሆኛለሁ። ገበያ ስወጣ አይብ ሻጯ፣ «ኢጂዲዮ ሱቁን የዘጋው ወደ ባሕር ወርዳችሁ ነው እንዴ? ምነው እኛን ረሳችሁ!» ትለኛለች። ጡረታ የወጣው ሥጋ ሻጭ ከመንገዱ ማዶ፣ «ያንን ሰነፍ ባልሽን ንገሪው፣ ጢሜ ፍየል አስመስሎኛል!» እያለ ይስቃል። እኔም ተሻግሬ እነግረዋለሁ። እሱ ደንግጦ ደረጃው ላይ ይቀመጣል፤ አይዞህ ባይዋም እኔ ነኝ። ሬሳውን አንድ ጊዜ ነው የቀበርኩት፤ ባሌን ግን በየቀኑ በየመንገዱ ማዕዘን እየቀበርኩ ነው። የልጅነት ጓደኛው ሴቲሚዮ ደግሞ ከሌላ ሰው ሰምቶ፣ «አብረን ያደግን ሰዎች ነን፤ እንዴት አትነግሪኝም?» ብሎ ጮኸብኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን አይመልስም። መንገድ ላይ ሳየው ልቤ ይቆስላል። ለምን እንዳልሰማ ሊገባው አልቻለም፤ በየማለዳው ግድግዳውን ሲያይ ነበርና።

እንግዲህ በሚመጣው እሑድ የኢጂዲዮ የሠላሳ ቀን ቅዳሴ በሳን ሎሬንዞ ይደረጋል። የጥሪው ወረቀት በጥቁር ክፈፍ ታትሞ ቤቴ አለ። ዓርብ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ በሚያየኝ ሰዓት፣ በአሮጌው ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። የምጠይቅዎ ፈቃድ አይደለም፤ ቢያንስ ሴቲሚዮ እስኪያነበው ድረስ እንዳያስነሱት ብቻ ነው።

እኔም በበኩሌ ለእርስዎ የሁለት ቀን ጉዞ አቅጄልዎታለሁ። በመጀመሪያው ቀን በአደባባዩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሽማግሌዎቹ ባዶውን ግድግዳ አይተው፣ «ደግ ነው፣ ዛሬም የሞተ የለም» እያሉ ሲሄዱ ይስሙ። በሁለተኛው ቀን ወደ ገጠር ይውጡ፤ እንግዶችዎ የወይራ ዘይት ከሚቀምሱበት ቤት ሳይደርሱ ወደ ግራ ይታጠፉ። አፈሩ ገና ያልረጋውን መቃብር አያጡትም። መግቢያ አይከፈልም።

ውብ ከተማዎ ከእኛ ከነዋሪዎቿ ተጠብቃ ለብዙ ዘመን እንድትቆይልዎ ከጥልቅ አክብሮት ጋር የምትመኝ፣ ለጊዜው በሕይወት ያለች አገልጋይዎ፤

ኖርማ ብራቺኒ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሐሙስ እናትዎ ወይዘሮ ዴሊያ እኔንና ኢጂዲዮን በእሳት የተጠበሰ የካስታኛ ፍሬ ሊጋብዙ ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር፤ እሳቸውም ከእኔው አፍ ሰሙ። አብረን ካለቀስን በኋላ ዓርብ ዕለት የሙጫውን ባልዲ እሳቸው ራሳቸው እንደሚይዙልኝ ነግረውኛል፤ እርስዎ ዘበኛ የሚልኩ ከሆነ ይህን ቢያውቁት መልካም ነው። አንድ መልእክትም አድርሺልኝ ብለውኛል፦ «የእኔ ተራ ሲደርስ አደራሽን ከገንዳው ጀርባ እንዳትለጥፊኝ። ሉዶቪኮ ቤቴ እንኳ አይመጣም፤ እዚያ ከለጠፋችሁኝ መሞቴን ማን ይነግረዋል?»